ሰሙ ከወርቁ ሲወደድ

አንድ የጥበብ ሥራ ስንት ገንዘብ ፈጀ ብሎ መጠየቅ የሒሳብ ሹም እንጂ የሐያሲ ተግባር አይመስልም። ይሁን እንጂ ወጪ ከልኩ ሲያልፍ ምን መባል እንዳለበትና ምን ሳይባል መቅረት እንዳለበት የሚወስን ኃይል ይሆናልና፣ ሐያሲም መዝገቡን ለመግለጥ ይገደዳል። ይህ እውነት ዛሬ በቪዲዮ ጨዋታ መስክ ጎልቶ ይታያል።

ኩባንያዎቹ የወጪያቸውን ልክ በምሥጢር ይይዛሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በማይክሮሶፍት ላይ ባቀረበው ክስ፣ ለፍርድ ቤት ከገቡት ሰነዶች መካከል የሶኒ አኃዞች በጥቁር ቀለም በሚገባ ሳይሸፈኑ ቀርተው አደባባይ ወጡ። በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት» 220 ሚሊዮን፣ በ2022 የወጣው «ሆራይዝን ፎርቢድን ዌስት» 212 ሚሊዮን ዶላር ፈጅተው ኖሯል። ከዚያም ወዲህ በሌላ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ፣ ከ«ኮል ኦቭ ዱቲ» ተከታታይ ሥራዎች አንዱ ከወጣ በኋላ የተደረገለት ሥራ ጭምር ሲታሰብ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ወሰደ ታውቋል።

ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ለሰው ጉልበት ነው። ሥራው በተጋጋመበት ወቅት በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ 200፣ በሁለተኛው ላይ 300 ያህል ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር። የፊልም ካሜራ በመንገዱ ያገኘውን ዛፍ ይቀርጻል፤ በጨዋታ ዓለም ግን ድንጋዩም ዝናቡም በሰው እጅ ሳይሠራ የሚገኝ አንዳች ነገር የለም። ተጫዋቹ ወደ ፈለገበት ስለሚዞር፣ ምናልባት ማንም የማይረግጠው ጓሮ እንኳ መሰናዳት አለበት። የመሣሪያው ኃይል ባደገ ቁጥር ደግሞ ቅጠሉ፣ ቅርፊቱና ጥላው ለየብቻ ሠራተኛ ይሻሉ። እያንዳንዱ ቅጂ በ60 ዶላር ተሸጦ የመደብሩ ድርሻ 30 በመቶ ቢነሣለት፣ 220 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ገዢ ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ ለጥበቡ ምን ጨመረለት? «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት» የበቀል ታሪክ ነው። ኤሊ የተባለች ወጣት እንደ አባት ያሳደጋትን የጆኤልን ደም ለመመለስ ትነሣለች። ተጫዋቹም ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ የገዳዪቱን የአቢን ሕይወት ራሱ እንዲኖር ይደረጋል። አንድ ዘብ ሲወድቅ ባልንጀራው የሟቹን ስም እየጠራ ይጮኻል። ሟች በስሙ ሲጠራ ሐዘኑ እንደሚከፋ አልቃሽ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ይህ የሥራው ጥልቅ ሐሳብ ከመስታወቱ ስብርባሪና ከፀጉሩ አወራረድ የተገኘ አይደለም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድምና። እርግጥ ነው፣ የተዋንያኑን ፊት እስከ ቅንድባቸው እንቅስቃሴ ያስቀረው ውድ ዘዴ ሐዘኑን አጉልቶታል፤ ያ ገንዘብ በከንቱ ወጣ አይባልም። ነገር ግን ይህን ያህል ድፍረት የተፈቀደው ቀዳሚው ክፍል በገበያ ተፈትኖ ስላለፈ እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። የቅኔ መምህር ሰሙን የሚወደው ወርቁን ስለሚሸከምለት ነው። ሰሙ ከወርቁ ሲወደድ ግን ባለገንዘቡ ስለ ሰሙ ብቻ መጨነቅ ይጀምራል፤ አዲስ ሐሳብ አደጋ፣ የታወቀ ስም ደግሞ ዋስትና ሆኖ ይታየዋል።

የፍርሃቱ ዕዳ የሚወድቀው በሠሪው ላይ ነው። የሶኒው «ኮንኮርድ» ዓመታት ከወሰደ ዝግጅት በኋላ ነሐሴ 23 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ገዢ በማጣቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተዘጋ፤ በጥቅምት ደግሞ የሠራው ድርጅት ራሱ እንዲፈርስ ተወሰነ። ያልተሳካ ተውኔት ቢያንስ ጽሑፉ ይቀራል፤ ያልተነበበ ልብ ወለድም ከመደርደሪያ ላይ ሆኖ የኋላ ትውልድ ፍርድ ይጠብቃል። የእነዚህ ባለሙያዎች ድካም ግን በመረብ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ክፉም ይሁን ደግ ዳግመኛ የሚመዘንበት መንገድ አልቀረለትም።

በ2025 ከፈረንሳይ ከተማ ከሞንፔልዬ የወጣው «ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33» ሌላ መንገድ ያሳያል። ዋነኛ ሠራተኞቹ 30 ያህል ሲሆኑ በውጭ ተባባሪዎች ተረድተዋል። አንዲት ሠዓሊት በየዓመቱ አንድ ቁጥር ትጽፋለች፤ ዕድሜው ያን ቁጥር የደረሰ ሁሉ ይጠፋል። በዚህች አንዲት ሐሳብ ላይ የቆመው ሥራ በ3 ቀን 1 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሎስ አንጀለስ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ።

ከዚህ ተነሥቶ ትንሽ ሁሉ መልካም፣ ትልቅ ሁሉ ባዶ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል፤ ሳይታዩ የሚቀሩት ትንንሽ ሥራዎች እጅግ ብዙዎች ናቸው። ልዩነቱ ግን በመሳሳት መብት ላይ ነው። ለአንድ ሥራ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚያፈስ ድርጅት በዚያው ገንዘብ አሥር ሥራዎችን በ20 በ20 ሚሊዮን ሊሞክር፣ ስምንቱ ቢወድቁ እንኳ ባለሙያዎቹን ሳይበትን ከሁለቱ ሊማር ይችላል። የጥበብ ሰው ወድቆ የሚነሣበት ስፍራ ካልተተወለት፣ የሚሠራው ትናንት የተወደደውን ብቻ ይሆናል።