ሳያጣሩ ጥይት

«አሸባሪን ምን ፍርድ ቤት ያስኬደዋል? እዚያው ግንባሩን ብሎ መገላገል ነው!»

ይህን ያለኝ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር፣ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ የሚሮጥ ሰው ነው። ወሬው የተነሳው በ2025 ዲዝኒ ፕላስ ባሳየው አንድ ባለ አራት ክፍል ድራማ ነው። ድራማው የለንደን ፖሊሶች በ2005 ባቡር ውስጥ ተኩሰው ስለገደሉት ብራዚላዊ ወጣት ይተርካል። እኔ አይቼዋለሁ፤ ወዳጄ አላየውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቼም እንዲህ የሚለው እሱ ብቻ አይደለም። ቦምብ በፈነዳ ማግስት፣ የሟቾች ቁጥር በሬዲዮ በሚነገርበት ሰዓት፣ ብዙዎቻችን በልባችን የምንለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በንቀት ማለፍ አይገባም። ፖሊስ በአሸባሪነት የጠረጠረውን ሰው ተኩሶ ቢገድል ልክ ነው ወይስ አይደለም?

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ታሪኩን እናስታውስ።

ጁላይ 7 ቀን 2005 አራት አጥፍቶ ጠፊዎች ለንደን ውስጥ በሦስት ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ቦምብ አፈንድተው 52 ሰዎች ገደሉ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ጁላይ 21፣ ሌሎች ሰዎች ያንኑ ሊደግሙ ሞከሩ። ቦምቦቹ አልሠሩላቸውምና ጥለዋቸው አመለጡ። ከተጣሉት ቦርሳዎች በአንዱ ውስጥ የስፖርት ቤት መታወቂያ ተገኘ። መታወቂያው ፖሊስን በደቡብ ለንደን ተልስ ሂል በሚባል ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ፎቅ ቤት መራው።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ የፎቁን በር ይጠብቅ ጀመር። በዚያ በር የሚወጣና የሚገባው ግን ተፈላጊው ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ነዋሪ የሚጋራው በር ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ዣን ቻርልስ ዴ ሜኔዜስ የሚባል የ27 ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደ ሥራው ሊሄድ ከዚያ በር ወጣ። በሩን በካሜራ እንዲጠብቅ የተመደበው ሰው በዚያች ደቂቃ ለሽንት ዞር ብሎ ስለነበር አልቀረጸውም። ሌላ ሰውም ቢያየው ጥሩ ነው የሚል ሐሳብ ብቻ በሬዲዮ አስተላለፈ።

ወጣቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ብሪክስተን ላይ ወረደ። የባቡር ጣቢያው ተዘግቷል። ተመልሶ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ለእኔና ለእናንተ ይህ ጣቢያ የተዘጋበት ሰው ሥራ ነው። ለሚከተሉት ሰዎች ግን ክትትል የማምለጫ ዘዴ መሰላቸው። አንዴ የጠረጠሩት ሰው ቢሄድም ያጠራጥራል፣ ቢመለስም ያጠራጥራል። ስቶክዌል ጣቢያ ሲደርስ በነጻ የሚታደል ጋዜጣ አነሳ፣ በካርዱ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ባቡሩ ሊያመልጠው ሲል ሮጥ ብሎ ተሳፈረና ተቀመጠ። ከኋላው የታጠቁት ፖሊሶች ደረሱ። አንድ የክትትል ባልደረባ እጆቹን ከጎኑ ጋር ጠፍሮ ያዘው። ሁለት ፖሊሶች ሰባት ጥይት ጭንቅላቱ ላይ፣ አንድ ጥይት ትከሻው ላይ ተኮሱበት።

ቦምብ የለውም። ከአሸባሪዎቹ ጋር የሚያገናኘውም ነገር የለም፤ ከአንድ በር መውጣቱ ብቻ።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ያን ዕለት በዚያ በር ይጠበቅ የነበረው ሁሴን ኡስማን ትውልዱ ኢትዮጵያ ነው። በኋላ አብረውት የተፈረደባቸው ሦስቱም ከሶማሊያና ከኤርትራ የሄዱ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ብራዚላዊው የሞተው በእኛ አገር በተወለደ ሰው ተመስሎ ነው። በዚያ ሳምንት ቦርሳ አንግቦ ለንደን ውስጥ ባቡር የተሳፈረ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ተፈላጊውን ለመምሰል ከብራዚላዊው ይልቅ ይቀርብ ነበር። ስለ ተኩስ ስንፈርድ ራሳችንን ሁልጊዜ የምናቆመው ከጠመንጃው በስተኋላ ነው። ከፊቱ የምንቆምበት ቀን ያለ አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ለፖሊስ እንሟገትለት። ከመስከረም 2001ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ የለንደን ፖሊስ «ክራቶስ» የሚል ስም የተሰጠው መመሪያ አዘጋጅቶ ነበር። መኮንኖቹ እስራኤልና ስሪላንካ ድረስ ሄደው የሌላውን ልምድ ጠይቀዋል። የመመሪያው ሒሳብ እንዲህ ነው። አጥፍቶ ጠፊን «ቁም! እጅ ወደ ላይ!» ብትለው ቦምቡን ያፈነዳዋል። ደረቱን ብትመታው ጥይቱ ራሱ ፈንጂውን ሊያስነሳው ይችላል። እግሩን ብትመታው እጁ ይቀራል። ስለዚህ ሳታስጠነቅቅ ጭንቅላቱን ነው። ሒሳቡ ጨካኝ ነው፤ ውሸት ግን አይደለም። ወዳጄም የነገረኝ ይህንኑ ነው፦ «ፖሊሱ ቢያመነታ ሃምሳ ሰው ያልቃል። ያን ጊዜ አንተ ትጠየቅለታለህ?»

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅለትም።

ነገር ግን ሒሳቡ የሚጀምረው «አጥፍቶ ጠፊ ከሆነ» ብሎ ነው። ዣን ቻርልስን የገደለችው ይህች «ከሆነ» የምትባል ቃል ናት። ካሜራ የያዘው ሰው አላረጋገጠም። በአውቶቡስ የተከተሉት ሰዎች በእርግጠኝነት አለየንም። ወሬው ግን በሬዲዮ ወደ ማዘዣው ክፍል፣ ከማዘዣው ክፍል ደግሞ በመኪና ወደሚከንፉት ታጣቂዎች ሲተላለፍ «ይሆን ይሆናል» የምትለው በየመንገዱ ተንጠባጠበች። ታጣቂዎቹ ጋ የደረሰው «እሱ ነው» የሚለው ብቻ ነው። ያገሬ ሰው «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይላል። ስቶክዌል ላይ የሆነው ከዚህም ይብሳል፤ ሳያጣሩ ጥይት።

በዚያ ላይ ትዕዛዙ አለ። የዕለቱ አዛዥ ክሬሲዳ ዲክ ሰውየው ባቡር ሳይሳፈር እንዲያስቆሙት ማዘዛቸውን በችሎት አስረድተዋል። «አስቁሙት» ማለት ለእሳቸው ማስቆም ነው። አጥፍቶ ጠፊ እየተከተለ ነው ተብሎ ለተነገረው ታጣቂ ግን «አስቁሙት» ማለት ምን ማለት ነው? ሰውየው ከቤቱ እስከ ጣቢያው ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዟል። እግረኛ መንገድ ላይ ለማስቆም ጊዜም ቦታም ነበረ። የታጠቀው ቡድን ግን በሰዓቱ አልደረሰም። የሌላው ሰው መዘግየት ያስከተለውን ጥድፊያ ዕዳውን የከፈለው ሟቹ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ጥይት ግን ከፈሰሰ በኋላ አይለቀምም።

ታዲያ ፖሊስ በጭራሽ አይተኩስ ማለቴ ነው? አይደለም። ጁን 3 ቀን 2017 ሦስት ሰዎች በለንደን ድልድይ ላይ እግረኞችን በመኪና ገጭተው፣ ከዚያም በቢላዋ እየወጉ 8 ሰዎች ገደሉ። ፖሊስ የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ከደረሰው በስምንት ደቂቃ ጊዜ ውስጥ ሦስቱንም ተኩሶ ገደላቸው። ወገባቸው ላይ ቦምብ የሚመስል ነገር ታጥቀው ነበር፤ በኋላ ሲታይ የውሸት ሆነ። በዚህ ፖሊሶቹን የሚወቅስ ካለ እኔ ከእሱ ጋር አልቆምም። ሰው እየታረደ «እባክህ መታወቂያህን» አይባልም።

የሁለቱን ልዩነት ልብ በሉልኝ። በድልድዩ ላይ የተተኮሰው አንድ ሰው በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ተኳሹ ቢላዋውን በዓይኑ አይቷል፣ የወደቀውን ሰው አይቷል። በስቶክዌል የተተኮሰው ግን አንድ ሰው በመሰለው ነገር ላይ ነው። እጁ የያዘው ጋዜጣ ነበር። ጥያቄውን «አሸባሪ ይገደል ወይስ አይገደል?» ብለን ስንጠይቅ ይህን ልዩነት እንደፍነዋለን። ቃታው በሚሳብበት ሰዓት ፊት ለፊት የቆመው ሰው አሸባሪ ተብሎ አልተረጋገጠም፤ ተጠርጣሪ ነው። እንግዲህ ጥይት የሚከተለው እጅ የሚሠራውን ነው እንጂ ፊት የሚመስለውን መሆን የለበትም።

ደግሞ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ጁላይ 21 ቦምብ ሊያፈነዱ የሞከሩትስ ምን ሆኑ? አንዱ በርሚንግሃም ውስጥ በኤሌክትሪክ ማደንዘዣ ተመትቶ ተያዘ። ሁለቱ ከምዕራብ ለንደን አንድ አፓርታማ በጋዝ እንዲወጡ ተደርገው፣ ልብሳቸውን አውልቀው በውስጥ ሱሪ እጃቸውን ሰጡ። ሁሴን ኡስማን ሮም ተያዘና ለእንግሊዝ ተላልፎ ተሰጠ። በ2007 አራቱም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ቢያንስ 40 ዓመት እንዲታሰሩ ተወሰነ። አራቱ ጥፋተኞች አንዲት ጥይት ሳትነካቸው ለፍርድ ቀረቡ። ከዚያ ሁሉ ተጠርጣሪ መካከል የተገደለው ጥፋት የሌለበት አንዱ ነው። «በሕይወት መያዝ አይቻልም» ለሚል ክርክር ከዚህ የበለጠ መልስ ከየት ይመጣል?

ከግድያው በኋላ የሆነውም ከግድያው ያላነሰ ያሳዝናል። የፖሊሱ ዋና ኃላፊ ኢያን ብሌር በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ለጋዜጠኞች ሰውየው ቁም ተብሎ አልታዘዝም ማለቱን እንደተረዱ ተናገሩ። ወፍራም ጃኬት ለብሶ ነበር፣ የትኬቱን በር ዘሎ ገባ የሚል ወሬም ተናፈሰ። የለበሰው ስስ የጂንስ ጃኬት ነው፤ በሩንም የከፈተው በካርዱ ነው። ፖሊስ የተገደለው ንጹሕ ሰው መሆኑን በማግስቱ አመነ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ጁሪ የቀረበለትን ማስረጃ ሰምቶ ተኳሹ «የታጠቅን ፖሊሶች ነን» ብሎ መጮኹን አላመነም። ወጣቱ ወደ ተኳሹ ተራመደ የሚለውንም አልተቀበለም።

ጥይቱ የሰውየውን ሕይወት ወሰደ፤ ወሬው ደግሞ ስሙን። አንድ የፖሊስ ተቋም ሲሳሳት ስህተቱን ሟቹ ላይ መለጠፍ ለምን ይቀናዋል? የሞተ ሰው አይከራከርማ!

ሕጉስ ምን አለ? ማንም ፖሊስ በግሉ አልተከሰሰም። የለንደን ፖሊስ እንደ ተቋም በ2007 ጥፋተኛ ተባለ፤ የተከሰሰበት ሕግ ግን የሥራ ላይ ጤንነትና ደህንነት ሕግ ነው። አዎ፣ መሰላል ያላጠበቀ የሕንጻ ተቋራጭ የሚቀጣበት ሕግ። 175 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ፤ 385 ሺህ ፓውንድ የችሎት ወጪ ከፈለ። በ2016 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እንግሊዝ ፖሊሶቹን በግል አለመክሰሷ ስምምነቱን አይጥስም ሲል 13 ለ4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ተኳሾቹ አደጋ አለ ብለው ከልባቸው አምነዋል፤ ከልቡ ያመነ ሰው ቢሳሳትም በነፍሰ ገዳይነት ሊጠየቅ ይከብዳል ነው ነገሩ።

እኔም በተኳሾቹ ላይ ድንጋይ ለመወርወር አልቸኩልም። ቦምብ ታጥቋል የተባለን ሰው ተከትሎ ባቡር ውስጥ መግባት ወኔ ይጠይቃል። ግን ያን እምነት ማን ጋገረላቸው? እንጀራውን የበላው ሰው ነጻ ነው ከተባለ ሊጡን ያቦካው የት ሄደ? ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። በ1988 የእንግሊዝ ኮማንዶዎች ጂብራልታር ላይ ሦስት የአይሪሽ ታጣቂ ድርጅት አባላትን ገደሉ። ሦስቱም በዚያች ሰዓት መሣሪያ አልያዙም፤ በመኪናቸውም ቦምብ አልተገኘም። ሴረኞች ለመሆናቸው ግን ማስረጃ ነበረ፤ ፈንጂው በኋላ ስፔን ውስጥ ተገኝቷል። ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1995 ወታደሮቹን አልኮነነም። የኮነነው ዘመቻውን ያቀደውንና የመራውን ወገን ነው፤ 10 ለ9 በሆነ ድምፅ። ፍርዱ ሲጨመቅ፣ ወታደሩን መተኮስ ብቻ ወደሚቀርለት ቦታ አድርሰህ «ሌላ ምርጫ አልነበረውም» አትበል ነው።

ከዚያ ፍርድ እስከ ስቶክዌል አሥር ዓመት ነበረ። ትምህርቱ አልተወሰደም።

እንግዲህ ወዳጄ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የሰው ሕይወት በዚያች ቅጽበት ሊጠፋ ሲል፣ ተኳሹም አደጋውን በራሱ ዓይን ሲያይ ይተኩስ። ጥርጣሬው በሬዲዮ የመጣ ከሆነ ግን ሥራው ማስቆም ነው። ለማስቆም የሚያስችል ሰውና ጊዜ ያላዘጋጀ አለቃ ደግሞ ከተኳሹ በፊት ይጠየቅ። ተሳስቶ የገደለም ተሳስቻለሁ ይበል እንጂ ሟቹን በር አያዝልለው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ልጅህ አውቶቡስ ላይ ቢሆንስ፣ ፖሊሱ ሲያመነታ ቢፈነዳስ?» አለኝ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ እኔም ሌሊቱን ሳስበው አድሬያለሁ። ግን አንድ ነገር ረስቷል። ዣን ቻርልስም እኮ አውቶቡስ ላይ የተሳፈረ የሰው ልጅ ነበር።