«መሞት» ብቻ ነው እንዴ?

ለፈተና ተብሎ የሚሸመደደውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ዝርዝር እስቲ ተመልከቱት። በግራ ፈሊጡ፣ በቀኝ ፍቺው። «ኪክ ዘ በኬት» ይልና ፊት ለፊቱ «መሞት»፤ አለቀ። ከሀ እስከ መ ካሉት አንዱን ለማጥቆር ይበቃል። ለማንበብ ግን አይበቃም። እንግሊዞቹ ይህን የሚሉት በቀልድ ወይም በንቀት እንጂ ለቀስተኛ ፊት አይደለም። እኛስ ብንሆን «አያትህ አረፉ» እና «አያትህ ክልትው አሉ» አንድ ናቸው? ሁለተኛውን ያለ ሰው እኮ ዱላ ይገባዋል!

አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ የአማርኛ ፈሊጦችን ሰብስበው በመጽሐፍ አውጥተውልናል። ቢሆንም «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» የሚለውን ከመጽሐፍ የተማረ ከመካከላችን ማን አለ? ከእናቶቻችን ቁጣ ነው የለቀምነው፤ ስለዚህ ንዴቱም አብሮ ገብቶናል። በእንግሊዝኛው ይህ ዕድል የለንም። በመሆኑም አንድ የልቦለድ ገጸ ባሕርይ ስለ ወንድሙ «ኪክ ዘ በኬት» ሲል ሸምዳጁ «አሃ፣ ሞተ» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ሰውየው በወንድሙ ሞት እንዳላዘነ፣ ምናልባትም ደስ እንዳለው፣ ሳያይ ያልፋል። ታሪኩ ደግሞ እዚያች ላይ ነበር።

ዝርዝር አዘጋጆች ሆይ፣ ከየፈሊጡ ጎን ማን ለማን እንደሚለው አንድ መስመር ጨምሩልን። ወረቀቱ ቢበዛ ይብዛ።