በአንድ ምንጣፍ ልክ፦ የቤት ውስጥ ቦውልስ ሙያዊ ውድድር አደረጃጀትና ታሪክ

የቤት ውስጥ ቦውልስ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ክለብ ነው። ለአማተሩ ጨዋታ ይህ ያስኬዳል። ሙያዊው ውድድር ግን የቴሌቪዥን ልጅ ነው፤ ካሜራ የሚፈልገው ደግሞ አንድ የመጫወቻ መስመር ብቻ ነበር። የነጥብ አያያዙም፣ የውድድሩ ወቅትም፣ “የዓለም ሻምፒዮን” የሚለው ማዕረግም በዚያ አንድ መስመር ልክ ተሰፍተዋል ብዬ እከራከራለሁ።

ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጃክ የምትባል ትንሽ ኳስ ወደ ሜዳው ማዶ ትላካለች፤ ተጫዋቾች 1.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ትልልቅ ኳሶችን በየተራ እያንከባለሉ ወደ እርሷ ለመጠጋት ይፎካከራሉ። ትልልቆቹ ኳሶች ሆን ተብሎ ቅርጻቸው ወደ አንድ ጎን እንዲያደላ ስለሚሠሩ፣ ፍጥነታቸው ሲበርድ ይታጠፋሉ። ሣር ላይ ነፋሱና እርጥበቱ ስሌቱን ያዛቡታል። ምንጣፍ ላይ የሚያመካኙበት የለም።

ወደ ቤት የገባው በብርድ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ዊልያም ማክሬ የተባለ ስኮትላንዳዊ ኤድንብራ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ወለል ላይ ሰጋቱራ አልብሶ ሞክሮታል፤ በ1905 በዚያችው ከተማ የብርድ ወራት ተጫዋቾች ማኅበር ተቋቋመ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ዝነኛው የክሪኬት ተጫዋች ደብልዩ ጂ ግሬስ በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ ምንጣፍ አስነጥፎ አስጀመረው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ገንዘብ የማይከፈልበት የክለብ መዝናኛ ሆኖ ቆየ።

ለውጡ የመጣው በ1979 ነው። በስኮትላንዷ ኮትብሪጅ የመጀመሪያው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ተካሄደ፤ ስፖንሰሩ ኤምባሲ ሲጋራ፣ አስተላላፊው ቢቢሲ ነበር። ብሪታንያ የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ያገደችው በ1965 ነው። ስለዚህ የትምባሆ ኩባንያዎች ስማቸውን ወደ ሰው ሳሎን የሚያስገቡበት በር ስፖርት ሆነ፤ ኤምባሲም የስኑከርና የዳርት የዓለም ሻምፒዮናዎችን ስፖንሰር ያደርግ ነበር። ሦስቱም ካሜራ ሳይሯሯጥ የሚከታተላቸው፣ በጠባብ ቦታ የሚካሄዱ ጨዋታዎች መሆናቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደው እንግሊዛዊው ዴቪድ ብራያንት ሲሆን፣ ፒፓውን በጥርሱ ነክሶ የሚጫወት ሰው ነበር። ለትምባሆ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ሻምፒዮን ከየት ይመጣል!

በ1988 ሻምፒዮናው ከክለብ ወጥቶ እንግሊዝ ውስጥ ወዳለው የትርኢት አዳራሽ፣ ወደ ፕሬስተን ጊልድ ሆል ተዛወረ። የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል። በክለብ ውስጥ በርካታ መስመሮች ጎን ለጎን ስለሚዘረጉ ብዙ ግጥሚያዎች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ፤ በትርኢት አዳራሽ ውስጥ ግን ተነጥፎ የሚነሣ አንድ መስመር፣ ዙሪያውን መብራትና ተመልካች ነው ያለው። መስመሩ አንድ ከሆነ ግጥሚያዎቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራ ካለ ደግሞ እያንዳንዱ ግጥሚያ መቼ እንደሚያልቅ መታወቅ አለበት። ነባሩ የነጠላ ጨዋታ ደንብ 21 ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል የሚል በመሆኑ፣ ማብቂያውን አስቀድሞ መገመት አይቻልም። ከጊዜ በኋላ የጸናው የሙያዊው ውድድር ደንብ ጨዋታውን ለሁለት ክፍል ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል 9 ዙር አለው (አንድ ዙር የሚያልቀው ሁለቱም ኳሶቻቸውን ሁሉ አንከባልለው ሲጨርሱ ነው)፣ አንድ ለአንድ ከወጡ በ3 ዙር ይለያያሉ።

የዚህ ደንብ ውጤት ከምቾት ያልፋል። አንዱን ክፍል በ10 ነጥብ ልዩነት ያሸነፈ ተጫዋች፣ ሌላውን በ1 ነጥብ ቢሸነፍ ከተጋጣሚው ጋር እኩል ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዙሮች ደግሞ አንድ ጥሩ ኳስ ሁሉን ትገለብጣለች። በድምሩ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ተሸንፎ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ለተመልካች ልብ ሰቃይ ነው፤ የተሻለውን ተጫዋች ለመለየት ግን ከአሮጌው 21 ነጥብ የሚያንስ ሚዛን ነው።

ከ1999 ጀምሮ የውድድሩ ቤት በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ኖርፎክ ውስጥ የሚገኘው የፖተርስ መዝናኛ መንደር ሆነ። ወሩ ጥር ነው፤ ባሕሩ ይበርዳል፣ የመዝናኛ መንደሮች ባዶ ይሆናሉ። ፖተርስ የቦውልስ ወዳጆችን አልጋ፣ ምግብና ጨዋታ ባንድ ላይ ሸጦላቸው ክፍሎቹን ይሞላል። ስፖንሰርነቱም በኋላ ዘመን ለጡረተኞች የገቢ ዋስትና ለሚሸጠው ጀስት ለተባለው ድርጅት ደርሶ ነበር። ተመልካቹ ማን እንደሆነ ከሲጋራ ወደ ጡረታ የተደረገው ጉዞ ይነግረናል።

በዚህ መድረክ ዙሪያ የተዋቀረው የወርልድ ቦውልስ ቱር ተጫዋቾችን በነጥብ ደረጃ ያወጣል፤ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው በቀጥታ ይገባሉ፣ ሌሎች በማጣሪያ። ሆኖም “ቱር” የሚለው ስም ከእውነታው ይሰፋል፤ የዓመቱ ውድድሮች ጥቂት ናቸው፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾችም ሌላ ሥራ አላቸው። የነጠላውን ዋንጫ ስድስት ጊዜ የወሰደው ስኮትላንዳዊው አሌክስ ማርሻል እንኳ ዝናው የተገነባው በሁለት ሜዳ ነው፤ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በሣር ላይ አምስት ወርቅ አግኝቷል። በሣሩ ለአገሩ፣ በምንጣፉ ለሽልማት ገንዘብ ተጫውቷል።

የሴቶች ሻምፒዮና በ1988 ተጨምሯል። ዋናው የነጠላ ውድድር ዛሬ ለሁለቱም ጾታ ክፍት ነው፤ ሴቶች በማጣሪያ ሊገቡበት ይችላሉ። ነገር ግን ረጅሙ መርሐ ግብር ለዚሁ ውድድር ተሰጥቶ የሴቶቹ በትንሽ ቁጥርና በጥቂት ቀናት ይጠናቀቃል። ጉልበት ወሳኝ ባልሆነበት ጨዋታ ይህን በችሎታ ልዩነት ማስረዳት ይከብዳል፤ እኔ የማየው አንድ መስመር ያስከተለውን የጊዜ ሽሚያ ነው፣ በሽሚያው ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀነስበት ወገን አንድ ነው።

በ2022 የዓለሙ የቦውልስ ፌዴሬሽን የራሱን የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በብሪስቶል አስጀመረ። በፌዴሬሽኑ መድረክ አገሮች ተወካዮቻቸውን ይልካሉ፤ ወንዶችና ሴቶች በየነጠላው፣ ከዚያም በድብልቅ ጥንድ ይጋጠማሉ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ዓይነት የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን አለ። አንዱ ከ1979 የሚቆጠር ታሪክ፣ ገንዘብና ተመልካች አለው፤ ሌላው የአገሮችን ውክልና። ፖተርስ ላይ ስሟ የማይሰማ አገር ተጫዋች ወደ ብሪስቶሉ ዓይነት መድረክ የሚደርሰው በአገሩ ማኅበር በኩል ነው፤ በቱሩ ደረጃ ለመውጣት ግን ውድድሮቹ ወዳሉበት ወደ ብሪታንያ እየተመላለሰ ነጥብ መሰብሰብ፣ ወጪውንም መቻል ይኖርበታል።