ባቡሩና በረንዳው

በአሜሪካ የባቡር ፎቶግራፍ አፍቃሪዎች ዘንድ ተጽፎ ያልተቀመጠ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሕግ አለ። ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ትሁን፤ ባቡሩ በሰያፍ ይምጣ፤ የሎኮሞቲቩ ግንባርና አንድ ጎኑ በአንድነት ይታዩ፤ ቁጥሩም ይነበብ። ሉሺየስ ቢቢ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ባሳተማቸው መጻሕፍት ይህን አቀማመጥ እንደ ቀኖና አጽንቶታል። በቀኖናው መሠረት የመብራት ምሰሶ እንከን ነው፤ የጎረቤት አጥር እንከን ነው፤ ከሁሉ የከፋው እንከን ደግሞ በመካከል የሚገባ ሰው ነው።

ሕጉ በ2020 ጸደይ ክፉኛ ተፈተነ። ማርች 22 ቀን የኦሃዮ ጤና ጥበቃ ኃላፊ ዶክተር ኤሚ አክተን ከቤት ያለመውጣቱን ትእዛዝ ፈረሙ፤ ትእዛዙም በማግሥቱ እኩለ ሌሊት ላይ ጸና። አየር ለመቀበል መውጣት ባይከለከልም፣ ለአንድ ፎቶግራፍ ሲል ክፍለ ሀገር አቋርጦ ይነዳ የነበረው ሰው ከጓሮው በስተኋላ በሚያልፈው ሐዲድ ተወሰነ። ሕክምና በተማርኩበት በሶቪየት ኅብረት የባቡር ጣቢያና ድልድይ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ስለ ነበር፣ ይህን ያህል ሕዝብ ባቡርን ለመዝናኛ ሲያነሣ ማየት ለእኔ እስከ ዛሬ እንግዳ ነገር ነው።

ስለ ኮለምበስ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከ1979 ወዲህ በዚህች ከተማ በመደበኛ ጉዞ መንገደኛ የጫነ ባቡር አያልፍም። የዩኒየን ጣቢያ የፊት ለፊት ሕንፃ በ1976 ፈርሶ ከቅስቶቹ አንዱ ብቻ ተርፏል፤ አሁን ብቻውን መናፈሻ ውስጥ ቆሟል። እንግዲህ በእኛ ከተማ ባቡር አለፈ ሲባል ዕቃ አለፈ ማለት ነው። በመስኮት እጁን የሚያውለበልብ ተሳፋሪ የለም።

በዚያ ጸደይ ከተነሡት ፎቶግራፎች ሁለት ስብስቦችን ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጀመሪያው የአንድ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ጎረቤቴ ነው። ከጓሯቸው፣ ከአንድ ቦታ፣ በጥሩ ሌንስ የተነሡ ናቸው። አንድ በአንድ ሲታዩ ከሌላው ሺህ የባቡር ፎቶግራፍ የሚለያቸው ነገር የለም። በተከታታይ ሲታዩ ግን ሌላ ናቸው። እኛ ሐኪሞች አንዲት የደረት ራጅ ብዙ እንደማትነግረን፣ ያለፈው ወር ራጅ ከጎኗ ሲቀመጥ ግን አፍ አውጥታ እንደምትናገር እናውቃለን። የጎረቤቴ ሥራም እንዲሁ ነው። በማርች መጨረሻ የመኪና ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ከእኛ በስተሰሜን ምዕራብ በሜሪስቪል ያለው የሆንዳ ፋብሪካ ሥራ አቁሞ የጀመረው በሜይ አጋማሽ ገደማ ነው። በፎቶግራፎቹም ውስጥ አዳዲስ መኪና የሚጭኑት ረጃጅም ዝግ ፉርጎዎች ይሳሳሉ፣ ይጠፋሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። አንሺው ይህን ለማሳየት አላሰቡም፤ ቦታ መለወጥ አለመቻላቸው አሳየላቸው።

ጉድለቱም እዚያው ነው። ሌንሳቸውን ከገዛ አጥራቸው በላይ አሻግረው ስለሚያነጣጥሩ፣ ቤት የሚባል ነገር በአንዱም ውስጥ አይታይም። በቤት የተዘጋ ሰው ያነሣቸው መሆኑን የሚመሰክረው ከጀርባቸው የተጻፈው ቀን ብቻ ነው። ቼኩ ዮሴፍ ሱዴክ ፕራግ በናዚ ጦር በተያዘችበት ጊዜ የሥራ ክፍሉን መስኮት ማንሣት ሲጀምር፣ በመስተዋቱ ላይ የረጋውን ጤዛ ሳይጠርግ ነበር ያነሣው። መስኮቱን ከተውነው፣ መዘጋታችንንም ከሥዕሉ አውጥተናል ማለት ነው።

የባቡር አፍቃሪዎች በኦ. ዊንስተን ሊንክ ይምላሉ። እርሱ ከ1955 እስከ 1960 የኖርፎክና ዌስተርን ኩባንያ የመጨረሻ የእንፋሎት ባቡሮችን በሌሊት፣ በብልጭታ አምፖሎች ያነሣ ሰው ነው፤ ዛሬ በኮለምበስ የሚያልፈው ኖርፎክ ሳውዘርን የዚያው ኩባንያ ወራሽ ነው። በ1956 በዌስት ቨርጂኒያ ያነሣው ዝነኛ ሥራው ከፊት ለፊት ጣራው ክፍት በሆነ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሲኒማ የሚያዩ ጥንዶችን ያሳያል፤ ባቡሩ ከበስተጀርባ ያልፋል። በርግጥ የተቀነባበረ ነው፤ በሸራው ላይ የሚታየው አውሮፕላን እንኳ በኋላ ከሌላ ኔጌቲቭ የተጨመረ ነው። ሊንክ ግን ባቡር ሲያልፍ ሰው የት እንደነበረ መጠየቅን ያውቅ ነበር። ተከታዮቹ ባቡሩን ወረሱ፤ ጥንዶቹን ተዉአቸው።

ወደ ሁለተኛው ስብስብ ልምጣ። አንሺው የሀገሬ ልጅ ነው። በከተማው ደቡብ፣ በሪከንባከር አካባቢ ከሚገኙት መጋዘኖች በአንዱ በሌሊት ፈረቃ ይሠራል። እዚያ በ2008 የተከፈተ የኮንቴይነር ማራገፊያ አለ፤ ከኖርፎክ ወደብ ወደዚህ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደርቦ እንዲመጣ በመንገዱ ያሉ 28 ዋሻዎች ተስተካክለው በ2010 ሥራው ተጠናቅቋል። ይህ ሰው ጠዋት ከሥራ ሲመለስ፣ ከመተኛቱ በፊት፣ ከአፓርታማው በረንዳ ላይ በስልኩ ያነሣ ነበር። ሠላሳ ያህል ናቸው ብሎኛል። ዘመም ያሉ፣ የደበዘዙ፣ አብዛኞቹ ሎኮሞቲቩ ካለፈ በኋላ የተነሡ። በሁሉም ውስጥ ግን ሴት ልጁ አለች። አንዴ በፒጃማ፣ አንዴ ሻይ ይዛ፣ አንዴ ፊቷን አዙራ፤ ተደራርበው የሚያልፉት ኮንቴይነሮች ከጀርባዋ የግድግዳ ወረቀት መስለዋል።

ይህ አቀማመጥ ከየት እንደመጣ ለእኛ አንባቢዎች ማስረዳት አያሻም። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ፣ የለገሃር ሕንፃም በ1929 ከተጠናቀቀ ወዲህ ስንቱ ቤተሰብ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ቆሞ ተነሥቷል! በየአልበማችን ባቡር የለም፤ ባቡሩ የሸኘው ወይም ያመጣው ሰው ግን አለ። የሀገሬ ልጅ ስለ ቢቢ ሰምቶ አያውቅም፤ ሊንክንም አይቶ አያውቅም። የለገሃርን አልበም ያውቃል።

ጎረቤቴ የባቡሩን ቁጥር ሲመዘግቡ፣ ይህ ሰው ምናልባት ሌሊቱን የሚያራግፈውን ጭነት ከልጁ ጀርባ እያነሣ ነበር። በሕግ እርሱም እኔም «አስፈላጊ ሠራተኞች» ተብለን ነበር። በሆስፒታላችን ደጃፍ የጀግኖች ሰሌዳ ተተክሎልናል። በመጋዘኑ ደጃፍ ምንም አልተተከለም። በዚያ ዓመት ከመጋዘን ወደ እኔ የመጡትን ሕሙማን ሳስብ፣ የእገዳው ወራት ሥዕል ጸጥ ያለ ሐዲድና ያማረ ሎኮሞቲቭ ነው የሚለኝን አልሰማውም። ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ነበር የሚለው ተረት ከእነዚያ ንጹሕ ሥዕሎች ይጀምራል።

በአንድ ነገር ግን አሜሪካውያኑ ይበልጡናል፤ ያስቀምጣሉ። በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ከ1997 ጀምሮ ለባቡር ፎቶግራፍ ብቻ የቆመ ማእከል አለ፤ ጎረቤቴም የራሳቸውን በሣጥን፣ ቀኑን ጽፈው አኑረዋል። የሀገሬ ልጅ ስልኩን ሁለት ጊዜ ለውጧል። ከሠላሳዎቹ ያየሁት አሥራ አንዱን ነው፤ የቀሩት የት እንዳሉ አያውቅም። አሥራ አንዱን ባለፈው ወር በወረቀት አሳትሜ፣ ከየጀርባቸው ቀኑንና ልጅቷ ያኔ ስንት ዓመቷ እንደነበረ እንዲጽፍልኝ ሰጥቼዋለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ አራቱን ነው።