የተቆረጠ ሁሉ መገጣጠሚያ አይደለም

ጭቃ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ አይታችኋል። ኮንክሪትም ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ልዩነቱ ስንጥቁ የት እንደሚሆን እኛ ልንመርጥለት መሞከራችን ነው። ላዩን በመጋዝ እንቆርጠዋለን፤ ቦታው ስለሚደክም ስንጥቁ ከዚያ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። መገጣጠሚያ የምንለው ይህንን ነው።

ያረጀ አስፋልት ላይ ስስ ኮንክሪት ደርቦ መጠገን የሚባል ዘዴ አለ። እዚህ መገጣጠሚያው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ዘንግ አይገባም። አንዱ ቁራጭ ጭነቱን ለጎረቤቱ የሚያሳልፈው ስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉት ጠጠሮች እንደ ጥርስ ተናክሰው ስለሚይዙ ነው። ከሥር ያለው አስፋልትም ሸክሙን ይጋራል፣ ከኮንክሪቱ ጋር ተጣብቆ እስካለ ድረስ።

በቀደሙት ንድፎች ላይ የማልስማማው «ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል» በሚለው ሐሳብ ነው። በስሌት እውነት ነው፤ አጭር ቁራጭ ብዙም አይታጠፍም። ግን ጎማውስ የት ነው የሚሄደው? በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሚንሮድ የሚባለው የመንገድ መሞከሪያ ቦታ 7.5 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት ክፍሎች ሠራ። አንዱ 1.2 በ1.2 ሜትር፣ ሌላው 1.5 በ1.8 ሜትር ተቆረጠ። እስኪ ወረቀት ላይ ሣሉት። 3.6 ሜትር ስፋት ያለውን የመኪና መስመር በ1.2 ስትከፍሉት ቁመታዊ መገጣጠሚያዎቹ የከባድ መኪና ጎማ የሚመላለስበት አካባቢ ይወድቃሉ። የቁራጩ ደካማ ቦታ ደግሞ ጥጉ ነው። ጥጎቹ ተሰባበሩ። በ1.8 ሲከፈል ግን መገጣጠሚያው የመስመሩ መሀል ላይ ይሆናል፣ ጎማው በቁራጩ ሆድ ላይ ያልፋል፤ ያ ክፍል የተሻለ ያዘ። ሙከራ ለዚህ ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ። ይህኛው ግን በእርሳስም ይታይ ነበር እኮ!

ሌላው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። አዮዋ ውስጥ ተመራማሪዎች በድምፅ ሞገድ ወደ ውስጥ እያዩ ሲመረምሩ፣ በስስ ንጣፎች ላይ ከተቆረጡት መስመሮች ብዙዎቹ እስከ ታች አልተሰነጠቁም። ኮንክሪቱ የሥዕሉን መስመር ሁሉ አይቀበልማ። መኮማተሩ በጥቂት ስንጥቆች ላይ ይጠራቀማል፤ እነሱ በሰፊው ይከፈታሉ፣ የጠጠሩ ጥርሶች ይላቀቃሉ፣ ውሃ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ከዚያ ማጣበቂያው መላላት ይጀምራል። ያልተሰነጠቁት ደግሞ የመጋዝና የመሙያ ወጪ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ስለዚህ «በየ1.2 ሜትሩ የተቆረጠ መንገድ» ብሎ ውጤቱን የሚያቀርብ ጥናት ስታነቡ፣ ከመስመሮቹ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ እንደተሰነጠቀ መዘገቡን ፈልጉ። ካልተዘገበ የተለካው ሥዕሉ ይሁን መንገዱ መለየት አይቻልም።