በተከታታይ ኮሜዲ ውስጥ የባለታሪክ ባሕርይና የታሪክ አመጣጥ

ኮሜዲ ለመጻፍ የሚነሣ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ቀልዱን ነው፤ ቀልዱ የሚደርስበትን ሰው ግን ኋላ ይፈልጋል። ይህ አካሄድ ለአንድ ምሽት ጨዋታ ይበቃ ይሆናል፤ በየሳምንቱ ለሚታይ የቴሌቪዢን ኮሜዲ ግን ቶሎ ይነጥፋል። ይህን አስተያየታችንን በአንድ የታወቀ ሥራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሥራው ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ ለቢ.ቢ.ሲ. የጻፉት «ፎልቲ ታወርስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1979 ስድስት ስድስት ክፍል ሆኖ ስለ ታየ በጠቅላላው ከ12 ክፍል አይበልጥም። ባለታሪኩ ባዚል በእንግሊዝ አገር፥ በቶርኪ ከተማ የአንድ ትንሽ ሆቴል ባለቤት ነው። ይህን ሰው ሁለት ነገሮች ይገዙታል፤ እነሱም ታላላቅ ሰዎችን ለማስተናገድ ያለው ምኞትና ሚስቱን ሲቢልን መፍራቱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1975 በታየው፥ ስለ ሆቴል ተቆጣጣሪዎች በሚናገረው ክፍል፥ ባዚል ተቆጣጣሪዎች ወደ ከተማው መምጣታቸውን ይሰማል። ቀድሞ ያመናጨቀውን ነዝናዛ እንግዳ ተቆጣጣሪ መስሎት ይለማመጠዋል፤ ሰውየው ግን ማንኪያ ሻጭ ነው። ባዚል ይህን ዐውቆ ቂሙን በተወጣበት ሰዓት እውነተኞቹ ተቆጣጣሪዎች ሦስት ሆነው ይገባሉ። እንግዳውን ሁሉ እኩል የሚያከብር ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ገና ሳይጀመር ባለቀ ነበር። ስለዚህ ደራሲ አስቀድሞ ባለታሪኩ ማንን እንደሚለማመጥና ማንን እንደሚንቅ ይወቅ፤ ታሪኩ ከዚያ ይመጣል።

ሌሎቹም ሰዎች የቆሙት በዚሁ ሥርዓት ነው። ባዚል የሚደብቀውን ሲቢል ትመረምራለች፤ ሠራተኛይቱ ፖሊ ትሸፍናለች፤ ከባርሴሎና የመጣው አስተናጋጅ ማኑኤል ደግሞ ሳይገባው ያበላሻል።

ሆኖም አንድ ነቀፌታ አለን። በሰው ቋንቋ ለተማርን ለእኛ የማኑኤል እንግሊዝኛ ሲሳቅበት ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም። ባዚል ስፓንኛ ዐውቃለሁ እያለ አገልጋዩን ማነጋገር ሲያቅተው ሳቁ በትዕቢተኛው ላይ ስለሚወድቅ ተገቢ ነው። ማኑኤል በጥፊ ሲመታ ብቻ ስንስቅ ግን ሳቁ በደካማው ላይ ይወድቃል፤ ሥራውም በዚያ ቦታ ይደክማል።

በትምህርት ቤት መድረክ ጥፋተኛው በመጨረሻ ሲጸጸት ማየት ስለ ለመድን፥ «የማይታረም ሰው ምን ትምህርት ይሰጣል?» የሚሉ ጓደኞች ይኖሩ ይሆናል። ባዚል ቢታረም ለሚቀጥለው ሳምንት ታሪክ አይተርፍም። ቅጣቱን ባለታሪኩ ይቀበላል፤ ትምህርቱን ግን በእሱ ጠባይ የራሱን ጠባይ ያየ ተመልካች ይዞት ይሄዳል።