ከግብር በላይ

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ግን ሌላም የፈረሰ ቃል ኪዳን ይተርክልናል፤ በገዢና በተገዢ መካከል የነበረውን።

ፊታውራሪ መሸሻ ከደንበኛው ግብር በላይ ሲጠይቁ ገበሬዎቻቸው እምቢ ይላሉ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ገበሬዎቹ የጠሉት ግብሩን አይደለም፤ ልክ ያጣውን ጥያቄ ነው። ፊታውራሪው ግን የመብትን ጥያቄ እንደ ድፍረት ቆጥረው ይዘምቱባቸዋል፤ ዘምተውም አበጀ በለው በሚመራቸው ገበሬዎች እጅ ይማረካሉ።

የድርሰቱ ብርታት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሐዲስ ሙስናን የአንድ ስግብግብ ሰው አመል ብቻ አድርገው አላዩትም፤ ሥርዓቱ ራሱ የፈቀደው ልማድ መሆኑን ያሳዩናል። ለመሆኑ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ግብርና እጅ መንሻ በምን ይለያሉ? ግብር ልክ አለው፤ ልኩ ሲታለፍም ከፋዩ አቤት የሚልበት ደጅ አለው። ያ ደጅ ሲዘጋ ግብሩም ዘረፋ ይሆናል።

ዱላ የተማዘዙ ሰዎች «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ይቆሙ ነበር። ያቆማቸው ዘበኛ ሳይሆን በሕጉ ላይ የነበራቸው እምነት ነው። ዳኛ መማለጃ በልቶ ሲፈርድ ያየ ሰው ግን ያን ቃል ሰምቶ ስለ ምን ይቆማል?

መጽሐፉ ጉድለትም አለው። የሐዲስ ብዕር ከገበሬው ጎጆ ይልቅ በባላባቱ አዳራሽ ይቆያል። የፊታውራሪውን ውርደት ቀርበን እናያለን፤ ጭማሪው ከገበሬው ጓዳ ያጎደለውን ግን ያን ያህል አናይም።

የገባር ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ አክትሟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ የፀረ ሙስና ኮሚሽንም በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል። አዋጅ አልጎደለንም። ነገር ግን ባለጉዳይ ቢሮ ሲሄድ «ሕጉ ምን ይላል?» ከማለት አስቀድሞ «የማውቀው ሰው አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ አዋጁ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የሕዝብ እምነት እንደ ግብር ተጥሎ አይሰበሰብም። ፊታውራሪ መሸሻ ማዕርግም ጦርም ነበራቸው፤ ያጡት የገበሬዎቻቸውን እምነት ነው። ጦሩም አላዳናቸው።